ድሬና ሐረር ላይ ባስኬት የምትጫወቱ፦ የማትስቱበት ቦታ የት ነው?

ከዚራ_45
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረር ያላችሁም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ስትመልሱ ግን «ኮርነር» (የሜዳው ጥግ) ወይ «ክንፍ» (በጥጉና በመሃሉ መካከል ያለው ጎን) ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሜዳችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደምትጫወቱ፣ ኳሷ እጃችሁ የምትገባው እንዴት እንደሆነ ጨምሩበት።

ይህን የምለው እዚህ አገር የሹት ቦታህን ግማሹን የሚመርጥልህ ሜዳው ራሱ ነው ብዬ ስለማምን ነው። እኛ ወደ ሜዳ የምንወጣው ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ትላለች፤ ከአንዱ ጎን ሆነህ ቀና ካልክ ሪንጉ ይጠፋብሃል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስም አለ፣ አቧራ ይዞ ይመጣል። ታዲያ የሰፈራችን ልጆች ሳይነጋገሩ ሁሉም በአንድ ጎን ጎበዞች ሆኑ። ሌላ ሜዳ ወስደህ ከተቃራኒው ጎን አስወርውራቸው፣ እጃቸው ይተሳሰራል።

የኔ ቦታ በግራ በኩል ነው። ከሳጥኑ (ከሪንጉ ፊት ከተሰመረው ክልል) ወጣ ብሎ፣ ከሪንጉ 4 ሜትር ገደማ፣ ቦርዱን በ45 ዲግሪ የማየው ቦታ። ቀጥታ ወደ ሪንጉ አልወረውርም፤ ቦርዱ ላይ ነው የማሳርፋት። በግራ እጄ አንድ ድሪብል ወደ ግራ መትቼ ስቆም ቀኝ ትከሻዬ ወደ ሪንጉ እንደዞረ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ማሰብ የለም። ቦርድ የምወደው ዓይኔ የሚያርፍበት ነገር ስለሚሰጠኝ ነው። ፀሐይ ቢኖርም የተቀባው አራት ማዕዘን ይታየኛል።

እናንተስ?


የድሮው_ፒቮት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55

ልጄ፣ ቦታህ በኤንቢኤ (በአሜሪካው ሊግ) ይጫወት የነበረው የቲም ዳንከን ቦታ ነው። ሳን አንቶኒዮ ላይ 5 ዋንጫ ሲያነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጫማውን እስኪሰቅል ድረስ፣ ከግራ በኩል ፊቱን ወደ ሪንጉ አዙሮ ቦርድ ላይ ሲያሳርፋት ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር። የሚያግደው ግን አልተገኘም። ብዙ ወጣቶች ቦርድ መጠቀም የሽማግሌ ጨዋታ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ለምን እንደሚገባ ልጻፍላችሁ።

ሪንጉ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። 7 ቁጥር ኳስ ደግሞ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን 45 የሚሆነው ኳሷ ከላይ ቀጥ ብላ ከወረደች ብቻ ነው። በ45 ዲግሪ ዘንበል ብላ ስትመጣ የሚከፈትላት 32 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በ30 ዲግሪ ከመጣች 22 ተኩል ይቀራል፤ ያ ከኳሷ ያንሳል፣ ስለዚህ ሪንጉን ሳትነካ መግባት አትችልም። ጠፍጣፋ ሹት ያለው ልጅ «ዛሬ ሪንጉ እምቢ አለኝ» የሚለው ለዚህ ነው። ቦርድ ላይ የነካች ኳስ ግን ፍጥነቷ ይቀንስና ወደ ታች ትወርዳለች፤ ሪንጉን ብትነካም ቀስ ብላ ነው የምትነካው።

ከ45 ዲግሪ ስትወረውር የምታነጣጥረው ወደ አንተ በቀረበው በአራት ማዕዘኑ የላይኛው ጥግ ነው። አራት ማዕዘኑ 59 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሜዳችሁ ላይ ያለውን ለኩት። ሠዓሊው በግምት የቀባው ቦርድ ብዙ አይቻለሁ፤ ልጆች በተሳሳተ አራት ማዕዘን ተለማምደው ሌላ ከተማ ሲሄዱ ይቸገራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦርድ ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ ለገሃሬ አካባቢ የምንጫወትበት እንጨት ነበር። የላላ እንጨት ኳሷን ይይዛታል፣ ከሪንጉ በፊት ትወድቃለች። ላሜራ ሲሆን ይገፋታል፤ ያው ውርወራ ከሪንጉ ማዶ ያልፋል። አዲስ ሜዳ ስትገቡ ከማሟሟቂያው በፊት ኳሷን ቦርዱ ላይ የተለያየ ቦታ መትታችሁ ስሙት። የሞተውን ቦታ ድምፁ ይነግራችኋል።


ሳቢያን_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

የቅጣት መስመር። አቦ ሌላ ቦታ የለም። ከቦርዱ 4.60፣ ማንም ፊትህ አይቆም፣ ማንም እጅህን አይነካ። የኤንቢኤው ስቲቭ ናሽ በተጫዋችነት ዘመኑ ከ90 በመቶ በላይ አስገብቷል። እዚያ የማያገባ ሰው ስለሌላ ቦታ ባያወራ ደስ ይለኛል።


ሐረሪቷ_6
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ጋሼ ፒቮት፣ ስለ 30 ዲግሪው የጻፍከውን ለቡድናችን ልጆች አነበብኩላቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ሐረር ነኝ። ሜዳችን ከጀጎል ውጭ ነው፤ ከአንዱ ሪንግ ጀርባ ሐኪም ጋራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቦታዬ ቀኝ ኮርነር ነው። ኮርነርን የወደድኩት ቴሌቪዥን ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የኤንቢኤ ፍጻሜ 6ኛው ጨዋታ ላይ የቡድን ጓደኛው ቦሽ ሪባውንዱን (ስታ የተመለሰችውን ኳስ) ይዞ ሲያቀብለው፣ የማያሚው ሬይ አለን ወደ ቀኝ ኮርነር ወደ ኋላ ሮጦ 5.2 ሰከንድ ሲቀር 95 ለ95 ያደረገውን ኳስ እንደገና እንደገና አይቼዋለሁ። ማያሚ በጭማሪ ሰዓት አሸንፎ በሰባተኛው ዋንጫውን ወሰደ። በ2019 ደግሞ ካዋይ ሌናርድ ከዚያው ጎን፣ ተከላካዩ ኤምቢድ እጁን ዘርግቶበት፣ ሪንጉ ላይ 4 ጊዜ ነጥራ የገባችው አለች። ጋሼ ያለው ነገር እዚያ ላይ ይታያል፤ ኤምቢድን ለማለፍ በጣም ከፍ አድርጎ ስለወረወራት ነው ነጥራ ነጥራ ከሪንጉ ሳትርቅ የገባችው።

ነገር ግን የኤንቢኤ ሰዎች ኮርነርን የሚወዱበት ምክንያት እኛ ጋ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። እነሱ ጋ የሦስት ነጥቡ መስመር ከፊት ለፊት 7.24 ሜትር ነው፣ ኮርነር ላይ 6.70። ከግማሽ ሜትር በላይ ቀርቦላቸዋል፣ ነጥቡ ግን ያው ሦስት ነው። እኛ በምንጫወትበት በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ 6.75 እና 6.60 ነው። 15 ሳንቲ ሜትር! የአንድ ጫማ ግማሽ ማለት ነው። ስለዚህ ኮርነር ስንቆም ርቀት አተረፍን ብለን ራሳችንን ማታለል የለብንም። እኛ የምናተርፈው ጊዜ ነው። ጓደኛዬ ድሪብል መትታ ሳጥን ውስጥ ስትገባ የኔ ተከላካይ ልትረዳ ትገባለች፤ ተመልሳ እስክትደርስብኝ ኳሷ ከእጄ ወጥታለች።

ችግሩም ብዙ ነው። በመስመሩና በውጪው መስመር መካከል ያለው 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሜዳው ከ15 ሜትር ከጠበበ ደግሞ (የብዙ ግቢ ሜዳ ጠባብ ነው) ተረከዝሽ ውጪ ይሆንና ነጥቡ ይሰረዛል። ቦርዱም አይረዳሽም፤ ከኮርነር የምታይው የቦርዱን ስስ ጠርዝ ነው።

ለሴቶች አንድ ምክር፦ የኛ ኳስ 6 ቁጥር ናት፤ ከወንዶቹ 7 ቁጥር ታንሳለች፣ ትቀላለችም፣ ሪንጉ ግን ያው ነው። ኳስ ስለሌለ በ7 ቁጥር ተለማምደን በ6 ስንወዳደር ኳሷ ትረዝምብናለች። ከውድድር በፊት ባለው ሳምንት እንኳ 6 ቁጥር ለምናችሁም ቢሆን ያዙ።


ዋርያ_ደቻቱ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:12

ሁሉንም አነበብኩ፣ ደስ ይላል፤ ወላሂ ግን በዋናው ነገር አልስማማም። «የኔ ቦታ» የሚባለው ነገር ተጫዋችን ያጠብበዋል። ሁለት ጊዜ የተጫወተብህ ሰው ቦታህን ያውቃል፣ ቀድሞህ ይቆምበታል። ትልቁን ሹተር ስቴፈን ከሪን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2015-16 የውድድር ዓመት 402 ሦስት ነጥብ አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 14 ቀን 2021 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ የሬይ አለንን 2,973 አለፈ። ቦታው የት ነው? የትም ነው።

ሁለተኛ፣ ሂሳብ። ከዚራ_45 ከ4 ሜትር ግማሹን ቢያስገባ እንኳ በአንድ ውርወራ በአማካይ የሚያገኘው 1 ነጥብ ነው። ከሦስት ነጥብ መስመር ከሦስቱ አንዷን የሚያስገባ ልጅም ያንኑ 1 ነጥብ ያገኛል። ከ10 ውርወራ 4 ካስገባ 1.2 ሆነ። ታዲያ ልጆቻችንን ለምን መካከለኛ ርቀት ላይ እናስቀራለን?


ከዚራ_45
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ዋርያ፣ ሂሳቡ ልክ ነው። ግን ንፋስ ባለበት ክፍት ሜዳ ከ6.75 ከ10 አራት በጨዋታ ውስጥ የሚያገባ ታዳጊ ስንት አለህ? ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ኳሷ አየር ላይ ትቆያለች፤ ንፋሱ የሚሠራባት ጊዜም ይረዝማል። አዳራሽ ውስጥ የተሠራ ቁጥር ከዚራ ላይ እንዳለ አይቆምም።


ታዳጊ_አሠልጣኝ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

ሌሊት ጨዋታ ለማየት ስነሳ ነው ይህን ያየሁት፤ ጨዋታውን ትቼ እናንተን ሳነብ ነጋ።

ዋርያ ስለ ከሪ ያለው እውነት ነው፤ የደረሰበት ድምዳሜ ላይ ግን አብሬው አልሄድም። ከሪን ስታዩ የምትቆጥሩት መሬት ላይ ያለውን ነጥብ ነው። እኔ ልጆቼን የማሳያቸው እግሩን ነው። ከግራም ከቀኝም፣ ሮጦም ቆሞም ሲወረውር እግሩ የሚያርፍበት መንገድና እጁ የሚነሳበት ምት አንድ ዓይነት ነው። ያንን አንድነት ደግሞ ማንም ሰው ሜዳውን ሙሉ እየዞረ አልተማረውም። በአንድ ቦታ ይጀመራል። ቦታ ማለት ለኔ ፊደል የሚቆጠርበት ሰሌዳ ነው፤ ካወቅኸው በኋላ ሌላውን ታነባለህ።

ሐረሪቷ ያነሳችውን የሬይ አለንን ኳስ እንመለስበት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኮርነሩ ነው። አለን ግን ከዓመታት በፊት ጀምሮ፣ ወለል ላይ ተኝቶ ድንገት ተነስቶ፣ ወደ ኋላ እየሮጠ ኮርነር ላይ እግሩን ሰብስቦ መወርወርን ይለማመድ እንደነበር በሰፊው ተነግሯል። የተለማመደው መድረሻውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ነው። በዚያች ሌሊት መስመሩን አላየም፤ እግሩ ግን መስመሩን አልረገጠም።

ለዚህ ነው ልጆች «ቦታዬ ግራ ክንፍ ነው» ሲሉኝ ቀጥዬ የምጠይቃቸው፦ ኳሷ ከየት ስትመጣ? በየትኛው እግርህ ስትቆም? ደክመህ ነው ሳትደክም? አብዛኛው ልጅ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ቦታውን ያገኘው ቆሞ፣ ጓደኛው ኳስ እየመለሰለት፣ በማሟሟቂያ ላይ ነው። ጨዋታ ላይ እንደዚያ ያለች ኳስ አትመጣም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ደብተር አለን። ሁለቱ ኮርነሮች፣ ሁለቱ ክንፎች፣ መሃል፤ ከዚያ በውስጥ በኩል እንደገና አምስቱ። መጀመሪያ እንዲሁ ይወረውራሉ፣ የገባው ይጻፋል። በሌላ ቀን ሜዳውን ሮጠው ሄደው ከተመለሱ በኋላ በዚያው ቦታ ይወረውራሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናየው የልጁ እውነተኛ ቦታ ይታያል። በዕረፍት ጊዜ ኮርነር ላይ አንበሳ የነበረው ልጅ ሲደክም ሹቱ ያጥርበታል፤ ከክንፍ ግን በቦርድ ማስገባቱን ይቀጥላል። ድካም መጀመሪያ የሚወስደው እግርን ስለሆነ ረጅሙ ርቀት ቀድሞ ይጠፋል። የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት አስቡት።

«ቦታህን ካወቁብህስ» ለሚለው፣ ዲርክ ኖቪትስኪን ተመልከቱ። 2.13 ሜትር ቁመት፣ የቅጣት መስመሩ አካባቢ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ወደ ኋላ ዘንበል። ዓለም ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዳላስን ሻምፒዮን ሲያደርግ፣ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋችም ሲባል የነበረው ያው ነው። ያልተያዘበት ምክንያት ቁመቱ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቦታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መዞር፣ ድሪብል መትቶ ማለፍ፣ ማቀበልም ይችል ነበር። ቦታ የሚታወቅብህ ከዚያ የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን ነው።


ሳቢያን_ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:48

አሠልጣኝ፣ ስለ ደብተሩ፤ ፍሪ ትሮውም (የቅጣት ውርወራውም) ከሩጫ በኋላ ይሁን። እረፍት ላይ የሚገባ ፍሪ ትሮው ምንም አይነግርህም።


ዋርያ_ደቻቱ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

አሠልጣኝ፣ ስለ እግሩ ያልከው አሳምኖኛል። ስለ ሦስት ነጥብ ግን አሁንም አቋሜ ያው ነው። ልጆች ክፉውን ንፋስ ልመድ ካልተባሉ መቼም አይለምዱትም። እኔ በንፋስ ቀን ነው ወደ ሜዳ የምወጣው።


ባቡር_ጣቢያ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:40

እኔ ድሬ ተወልጄ አሁን አዳራሽ ባለበት ከተማ የምኖር ነኝ። ከእናንተ አንዱም ያላነሳው ነገር አለ፤ መረብ። ልጅ ሆነን የምንወረውርበት ሪንግ መረብ አልነበረውም። መረብ ሲኖር ዓይን የሪንጉን ፊትና ጀርባ ይለያል፤ ካልኖረ ክቡ ብረት ብቻ ነው፣ ጥልቀቱን መገመት ያቅታል። ኳሷ ገባች አልገባች የሚለው ጭቅጭቅም ከዚያ ይመጣል። መጀመሪያ አዳራሽ ስገባ ደግሞ ተቃራኒው ነው የገጠመኝ። ቦርዱ መስታወት ነው፤ ከኋላው ወንበሮችና ሰዎች ይታያሉ፣ ዓይኔ ወደነሱ ይሄዳል። ከቦርዱ ኋላ ማንም ሳይታየኝ መወርወር ስለለመድኩ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ከቻላችሁ መረብ ግዙ፤ ከኳስ በፊት እንኳ ቢሆን። የናይሎን ገመድ በእጅ ሊታሰርም ይችላል።


ሐረሪቷ_6
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:05

ባቡር_ጣቢያ ልክ ብለሃል። እኛ ጋ ከሪንጉ ጀርባ ጋራ ስላለ ጠዋት ጠዋት ብረቱ ከጋራው ጋር ይመሳሰልብናል። ሪንጉን ብርቱካንማ ቀለም ቀብተነው ነው የተሻለን።


ከዚራ_45
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:25

ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ መልስ የምፈልገው ከልቤ ነው።

አንደኛ፣ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ግራኝ ታዳጊ አለች። ሁሉም ልጆች የኛን «ጥሩ ጎን» ስለሚጠቀሙ እሷም እዚያ ትሰለፋለች፤ ግን አይመቻትም። ወደ ሌላው ጎን ልውሰዳት ወይስ እዚሁ ትልመድ?

ሁለተኛ፣ የሜዳችን መስመር ጠፍቷል፤ የቀረው ቅሪት ደግሞ ሳጥኑን ከታች ሰፋ አድርጎ ነው የሚያሳየው። እንዳዲስ መቀባት እንፈልጋለን።


ታዳጊ_አሠልጣኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

ልጅቷን ውሰዳት፣ ዛሬውኑ። አንተ በግራ እጅህ ወደ ግራ መትተህ ስትቆም የሚመችህ ነገር ለሷ ወደ ቀኝ ነው የሚመጣው። ፀሐዩ የሚያስቸግር ከሆነ የሷን ልምምድ ወደ ጠዋት አምጣው። ጥሩ ጎን የምትሉት ለቀኝ እጆች የተመቸ ጎን ነው። ቡድንህ ውስጥ አንዲት ግራኝ ካለች ማንም በማይጠብቅበት ጎን ሹተር አገኘህ ማለት ነው፤ ኳስ ወደዚያ እንዲሄድ ሌሎቹን አስተምር።


የድሮው_ፒቮት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

ታች ሰፋ ያለው የድሮው ትራፔዞይድ ነው፤ ታች 6 ሜትር ነበር። ፊባ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አራት ማዕዘን ለወጠው፣ ወርዱ 4.90። በዚያው ጊዜ የሦስት ነጥቡን መስመር ከ6.25 ወደ 6.75 አራዘመው። ሜዳችሁ የድሮው ከሆነ ሦስት ነጥቡም የድሮው ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግማሽ ሜትር ቀርበው ሲለማመዱ ቆይተዋል ማለት ነው። ውድድር ላይ የሚያጥርባቸው ለዚያ እንደሆነ አትጠራጠሩ። የሳጥኑ ጥግም ተነስቷል፤ በድሮው የቅጣት መስመር ጫፍ ላይ ስንቆም ከሪንጉ መሃል 4.60 ገደማ ነበርን፣ በአሁኑ ሳጥን ጥግ ላይ 4.90 ይጠጋል።

አሳሳሉን ልንገርህ። ከጀርባ መስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ 1.575 ሜትር ግባ፤ ያ ከሪንጉ መሃል ትክክል በታች ያለው ነጥብ ነው። ቱንቢ ከሪንጉ አውርደህ አረጋግጥ፤ ብዙ ቦታ ምሰሶው ጎብጦ ሪንጉ ከመሃል ወጥቷል። ከዚያ ነጥብ 6.75 ይዘህ ዙር። ከሁለቱ የጎን መስመሮች 90 ሳንቲ ሜትር ገብተህ ቀጥታ መስመር ጣል። ቀጥታውና ቅስቱ የሚገናኙት ከጀርባ መስመሩ 2.99 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ካልተገናኙ አንዱን ተሳስተሃል። የቅጣት መስመሩ ውጫዊ ጠርዝ ከጀርባ መስመሩ 5.80። የመስመር ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር።

ሲባጎ አትጠቀም፤ ይለጠጥና ቅስቱ አንዱ ጋ 6.75 ሌላው ጋ 6.85 ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ወይም የግንበኛ ሜትር ያዝ።


ዋርያ_ደቻቱ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:31

ሜትር እኔ አለኝ፣ የ30ው። ቀለሙን ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት እንጀምር፤ ኮንክሪቱ ከጋለ በኋላ ቀለም አይይዝም። ስንት ሊትር እንደሚፈጅ የሚያውቅ ካለ ይጻፍ።


ሐረሪቷ_6
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:44

ስትጨርሱ 6 ቁጥር ኳስ ይዘን ከሐረር እንወርዳለን። ግራኟን ልጅ ከኛ ኮርነር ተጫዋቾች ጋር አንድ ላይ እናሠራታለን፤ በግራ ኮርነር የሚወረውር ሰው ስለሌለን እኛም እንፈልጋታለን።